ካርዷን ያስሮጥንበት ሳምንት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰርግ እቀርጻለሁ። ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው «ሌላው ሲጨፍር አጠገቡ ቆሜ ላብ በላብ እሆናለሁ» እላለሁ። የምሠራበት ክፍል ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ ቤት ነው። ወፍጮው ሲነሣ መደርደሪያዬ ይንቀጠቀጣል፣ አምፖሌ ይደበዝዛል፣ ኮምፒውተሬም ቀኑ ካልሆነለት ድርግም ይላል። በዚህ የተነሣ ከባለወፍጮው ጋር ስንት ጊዜ ልጣላ ሞክሬያለሁ። እሳቸው ግን ለጠብ አይመቹም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስጮህ ዱቄት የነካውን ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው «አብሽሪ ልጄ» ይሉኛል። በዚህች ቃል ንዴቴ እጥፍ ይሆናል።

እኚህ ሰው የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬ በእኛ አገር ሞት ሲመጣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩን ሁሉ የሚያሰባስብ ማኅበር ነው። ጠሪው ከተጣራ ሱቅ ይዘጋል፣ ወፍጮ ይቆማል፣ የተጠመደ በሬ ይፈታል፤ ሥራ ላይ የተገኘ ሰው ይቀጣል። ይህን የሚያስጠብቀው ዳኛው ነው። እሳቸው ሲያስጠብቁ ከራሳቸው ነበር የሚጀምሩት፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

የሴት ልጃቸው ሰርግ ዕለት፣ ሴቶቹ ገና ድቤ እያሟሟቁ ሳለ፣ ከወዲያኛው መንደር አንድ ሽማግሌ ማረፋቸው ተሰማ። የሟች ልጆች ራሳቸው መጥተው «ዳኛው፣ ዛሬ ልጅ እየዳሩ ነው፤ እኛው እንቀብራለን» አሏቸው። እሺ ብለው ቢቀሩ የሚቀየማቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ለኒካሑ ውል ወንድማቸውን ወከሉ፣ አዲሱን ልብስ አወለቁ፣ አካፋቸውን ይዘው ሄዱ። ሙሽራዋ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ከግቢው በር ላይ አልነቀለችም። ሊመሽ ሲል የሙሽራው ወገን «መንገድ አለብን» ብሎ ተነሣ፣ መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ አባት የሉም። እኔ ካሜራዬን ተሸክሜ ፊት ለፊቷ ነበርኩ። የተኳለችው ኩል ጉንጯ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ሰላም ይባባሉ ነበር፤ ግን የሰላምታቸው ዓይነት አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ዓይነት ነው። «አባባ ሰርጌን ለቅሬው ሰጠው» ትላለች። አባት ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ወደ ወፍጯቸው ይሄዳሉ።

ሁለት ወር እንዳለፈ አንድ ቅዳሜ ዳኛው ወደ ክፍሌ ገቡ። ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም። የልጃቸው ባል ሥራ ሞያሌ አግኝቷል፤ የሚመጣው ቅዳሜ በጠዋት አውቶቡስ ሊሄዱ ነው።

«ሞያሌ ሩቅ ነው» አሉኝ።

«ሩቅ ነው አባባ።»

«እንዲህ ኩርፍ እንዳለች ከሄደች፣ አሏህ ያውቃል መቼ እንደምንተያይ። የሰርጉን ፊልም ቁጭ ብዬ ከሷ ጋር ልየው። የሽኝቱን ብቻ። ሌላውን ተይው። ያን ቀን አብሬያት ካየሁት ምናልባት ልቧ ይመለስ ይሆናል።»

ችግሩ ያ የሽኝት ክፍል የሚታይ አልነበረም። የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ፣ የያዝኩት የባትሪ አምፖልም ደክሞብኝ፣ አርባውን ደቂቃ የቀረጽኩት በድንግዝግዝ ነው። ሥዕሉ ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስል በነጠብጣብ ተሞልቷል፤ የሰው ድምፅ ይሰማል እንጂ ፊት አይለይም። አፍሬ ለማንም ሳልሰጥ ደብቄው ነበር። የሚያጠራ ፕሮግራም አለኝ፤ እያንዳንዷን ሥዕል እየለየ ነጠብጣቡን ይለቅማል። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው፣ ሥዕልን የሚያሰላው ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ጊዜም ይፈጃል።

እዚህ ላይ ስለ ካርዷ ትንሽ ማውራት አለብኝ፣ ምክንያቱም ካለኝ ንብረት ሁሉ የምወዳት እሷን ነው። የገዛኋት ለውጡ በመጣ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ነገ ጥሩ ነው ብሎ አምኖ ነበር መሰለኝ ሰርግ በሰርግ ሆነን ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ሦስት ቦታ የተጠራሁበት ጊዜ አለ። ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ከተማው ሲሸሽ ሰው ፍራሽና ድስት ይሸከማል፤ እኔ በካቻቢቴ ፈትቼ ካርዷን ከኮምፒውተሩ ሆድ አወጣኋትና በቀሚሴ ጠቅልዬ፣ ካሜራዬን በትከሻዬ አንግቼ፣ ወደ አምባሰል ተራራ አክስቴ ጋ ወጣሁ። አክስቴ ጥቅሉን ፈታ ካርዷ ላይ ያሉትን ሁለት የማቀዝቀዣ ፋኖች አየች።

«ይፈነዳል?»

«አይፈነዳም።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ታዲያ ምን ሊሆንሽ ተሸክመሽው መጣሽ?» አለችኝ። ይህን ብላም በላስቲክ ጠቅልላ ማሽላው ጎታ ውስጥ ቀበረችልኝ፤ ጦርነቱ እስኪያልፍም ካርዷ እዚያው ከረመች። ስንመለስ ክፍሌ ባዶ ነበር። ኮምፒውተሬን፣ ወንበሬን፣ መጋረጃዬን ሳይቀር ወስደዋል። የሚገርመው ያስለቀሰኝ መጋረጃው ነው። ከዚያ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ አሮጌ ኮምፒውተር ገጣጠምኩ፤ በውስጡ ደህና ነገር ቢኖር ካርዷ ብቻ ነበረች።

ሒሳቡን ለዳኛው አስረዳኋቸው። ያን ጊዜ መብራት በተራ ነበር፤ የእኛ ሰፈር ተራ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ስድስት ሰዓት። ፊልሙ ለመጥራት አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ሁለት ቀን ዝግጅት ስለሚወስድብኝ የሚቀሩኝ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ናቸው፤ አሥራ ስምንት ሰዓት። ዓርብ ተራችን ከጁምዓ በኋላ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፊልሙ ሊታይ ይገባል። አንድ ሰዓት ጎደለን።

«አንድ ሰዓት ብቻ?» አሉ።

«ብቻ ይበሉ። ግን ካርዷን ከፋብሪካ ከወጣችበት ፍጥነት ትንሽ ማለፍ ይቻላል።»

«ቀበቶውን ጠበቅ ማድረግ ነው» አሉ። ወፍጮ የሚያውቅ ሰው በዚህ ቶሎ ይገባዋል።

ትንሽ ያልኩት በአፌ ነው። እሑድ ጠዋት መብራት እንደመጣ ብቻዬን ቁጭ አልኩና፣ ችኩል ነኝና፣ ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ እስከቻልኩት ገፋሁት። ሦስት ሰዓት አተርፋለሁ ብዬ ተስገብግቤያለሁ። የሙቀቱ ቁጥር ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና እያለ ወጣ፤ ፋኖቹ መጮኽ ጀመሩ፤ ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ አራት ማዕዘኖች ተዘሩ፤ ቀጥሎ ሁሉም ጠፋ። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታም መጣ። ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አምባሰል ድረስ ተሸክሜ ያተረፍኳትን ካርድ በገዛ እጄ ገደልኳት ብዬ አሰብኩ።

ዳኛው ወፍጮአቸውን አቁመው መጡ። የተቃጠለው ሽታ ደርሷቸዋል። ኮምፒውተሩን እንደ ታመመ በግ ዞረው አዩት፣ አሸተቱት።

«ይቺ ልጅ ምን ትበላለች?» አሉኝ። ልጅ ያሉት ካርዷን ነው።

ፓወር ሰፕላዩን አሳየኋቸው። ከአሮጌው ሳጥን ጋር የመጣ፣ ጽሑፉ የጠፋ፣ ቀለል ያለ ነገር ነበር። ሽታው የመጣውም ከሱ ነው። ለካ ካርዷ ደህና ናት፤ ኃይል የሚሰጣት ነው የታመመው።

«በምትበላው ላይ ሳትጨምሪ ሩጪ አልሻት። እኔ በትንሽ ሞተር ላይ ትልቅ የወፍጮ ድንጋይ ባስገጥም ምን ይሆናል?»

«ይቃጠላል።»

«በይ እንግዲህ» አሉ፤ ሌላ ወቀሳ አልጨመሩም። ቢጨምሩ ደስ ይለኝ ነበር፣ እጣላ ነበር።

ደሴ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት የነበረው ጓደኛ አለኝ። ጦርነቱ ቤቱን ባዶ ሲያደርገው ከአንድ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ በቀር የተረፈው የለም፤ ያም የተረፈው ለጥገና ሌላ ሰው ጋ ስለነበር ነው። ደውዬ ነገሩን ስነግረው «የሰርግ ነው?» አለ፤ ነው ስለው ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ላከልኝ። ከበፊቱ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ለካርዷ የሚሄደው ገመድ ራሱ ወፈር ያለ ነው፤ ሳየው ልቤ አረፈ።

ቀጥሎ የሠራነውን ስህተት ግን ከእኛ በቀር የሚሠራው የለም። ፓወር ሰፕላዩ ተገጠመ፤ ያም ሆኖ ወፍጮው በተነሣ ቁጥር የኔ ክፍል ኃይል ይወርዳል። ዳኛው «የኔ መስመር ጠንካራ ነው፣ ኃይሉን የሚያረጋ ትልቅ ስታቢላይዘርም አለኝ። እኔው ጋ አምጪያት» አሉ። እኔም ስለ ኃይሉ ብቻ እያሰብኩ ኮምፒውተሩን አቅፌ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ወፍጮ ቤት። ከጆንያዎቹ ጎን ጠረጴዛ ተሰጠኝ፣ ሰካሁ፣ አስነሣሁ፣ ፍጥነቱን ሳልነካ ልሞክራት ብዬ ተውኳት። ስታቢላይዘሩ ጭጭ ብሎ ይሠራል። ሁለታችንም ተደሰትን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰማንያ ስምንት ደረሰ። ፍጥነት አልጨመርኩም፣ ፓወሩ አዲስ ነው፣ ምን ሆነች? ሳጥኑን ስከፍት ውስጡ ነጭ ነው። ፋኖቹ የማሽላ ዱቄት ሲስቡ ቆይተው በሙቀት ማውጫው ብረቶች መካከል ጠቅጥቀውታል። ለማስፈጨት ተራ የያዘች አንዲት ሴት አንገቷን አስግጋ አየችና «እህቴ፣ ለዚህስ ወንፊት ግዥለት» አለችኝ። ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ዳኛው ራሳቸው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ በመጀመሪያ ልቆጣ ነበር፤ በኋላ አልቻልኩም፣ አብሬ ሳቅኩ።

ካርዷን ፈታሁ። በቀለም ብሩሽ፣ በዶሮ ላባ፣ በብስክሌት መንፊያ ጠረግናት። ዳኛው መንፊያውን ሲጫኑ እኔ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቴ እይዛለሁ። በቺፑና በብረቱ መካከል የሚቀባው ፔስትም ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ስልክ ጠጋኙ ጎረቤታችን ከራሱ ጥቂት ሰጠኝ፣ ጠርጌ በስሱ ቀባሁ።

«እንግዲያው እሷ ወደ ወፍጮው አትመጣም፤ ወፍጮው ወደ እሷ ይሂድ» አሉ ዳኛው። ስታቢላይዘሩን ለአራት ተሸክመን ወደ ክፍሌ አስገባነው። የኋላው መስኮቴ በሐይቁ በኩል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከውኃው ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይመጣበታል፤ አቧራ እፈራለሁ ብዬ ግን ዓመቱን ሙሉ ዘግቼው ኖሬያለሁ። ዳኛው ከፈቱትና ስስ የነጠላ ቁራጭ ወጠሩበት፤ አቧራው ጨርቁ ላይ ይቀራል። የቆርቆሮ ዱቄት ማውረጃ ቆርጠው ከመስኮቱ እስከ ኮምፒውተሩ ሆድ ዘረጉ፣ ጫፉ ላይ የጠረጴዛ ፋን አቆሙ። ክፍሌ ግማሽ ወፍጮ ቤት መሰለ። የሙቀቱ ቁጥር ግን ወርዶ ስልሳ ሁለት ላይ ተቀመጠ፤ ተነሥቼ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ፍጥነቱን እንደ ሰው ጨመርን። ትንሽ ከፍ፣ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ ቁጥሩን ማየት፣ ድምፁን መስማት፣ እንደገና ትንሽ ከፍ። ዳኛው ስክሪኑን አያዩም፤ ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አስጠግተው ያዳምጣሉ። ያቺ ሐምራዊ ነጥብ ብቅ ስትል ሁለት እርምጃ መለስኩ። እሳቸው ሦስተኛም መልሺ አሉኝ።

«አባባ፣ እዚህ ላይ ትችላለች።»

«መቻሏን አየሁ። ስንት ነው የጎደለሽ?»

«አንድ ሰዓት።»

«ታዲያ የአንድ ሰዓቱን ውሰጂ። የቀረውን ለሷ ተይላት።»

ሦስተኛውን እርምጃ እያጉረመረምኩ መለስኩ። ሙቀቷ ሰማንያ ካለፈ ራሷ ፍጥነቷን እንድትቀንስም ገደብ አበጀሁላት። በልቤ ሽማግሌ አበዛው እያልኩ ነበር።

ማክሰኞ በሰላም ዋለች። ረቡዕም እንዲሁ። እኔ ከቁጥሮቹ ፊት አልነሣም፤ ስንት ዲግሪ፣ ስንት በመቶ፣ ስንት ቀረ። ሥዕሉን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። ረቡዕ ቀትር ላይ የዳኛው ልጅ ጎረቤት ስትሰናበት ወደ እኔም ገባች። ቆርቆሮውን፣ ፋኑን፣ ስታቢላይዘሩን አየች።

«ይሄ የአባባ አይደለም እንዴ? እዚህ ምን ይሠራል?»

ነገርኳት። የሽኝትሽን ፊልም ነው፣ ዓርብ አብራችሁ እንድታዩት ነው አልኳት። 

«እሱ የሌለበትን ሽኝት ከሱ ጋር ቁጭ ብዬ ምን ላድርገው? ወላሂ አልመጣም። አንቺም በከንቱ ነው የደከምሽው» አለችና ወጣች። ለአባቷ አልነገርኩም። ካርዷ ትሮጣለች፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ቁጥር እቆጥራለሁ፤ ለማን እንደምደክም ግን ጠፋብኝ።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የቅሬው ጠሪ ድምፅ በሰፈሩ ተሰማ። አንድ ዕድሜ የጠገቡ አዛውንት አርፈዋል፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ሁሉም ሥራውን ትቶ ለቅሶው ቤት ይውጣ። ወፍጮው ወዲያው ዝም አለ። እኔ ቁጥሩን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይቀራል። መብራት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ብዘጋው አለቀ፣ ሌላ ቀን የለም።

ዳኛው በበሩ ብቅ አሉ። ከዘራቸውን ይዘዋል። ኮምፒውተሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ሊያስጠፉኝ እንደሆነ ስለገባኝ ከኮምፒውተሩ ፊት ቆምኩ።

«አባባ፣ አጥፊው እንዳይሉኝ። ሰርጉን አንዴ ለቅሬው ሰጥተውታል፤ ይበቃል።»

 «ነይ፣ እንደበራ ተይውና ነይ» አሉ።

ለቅሶው ቤት ደጅ ላይ ሰፈሩ ተሰብስቧል፤ ወንዶቹ ለመቃብር ቁፋሮ ሊሰማሩ ነው። ዳኛው ከዘራቸውን ለምክትላቸው ሰጡ። ምክትሉ ጡረታ የወጡ ክርስቲያን አስተማሪ ናቸው። «ዛሬ አንድ ነገር አለ፤ በራሴ ጉዳይ ስለሆነ እኔ አልፈርድም» አሉና ነገሩን ለሁሉም አስረዱ። እዚያ ማሽን እየሠራ ነው፣ ሥራው የሳቸው ነው፣ ቅሬ ሲጠራ ደግሞ ሥራ ይቆማል።

«አጥፋ ካላችሁኝ ሄጄ በእጄ አጠፋዋለሁ» አሉ።  «አታጥፋ ብትሉኝ ግን ደስ ይለኛል። የልጄ ነው። ቅዳሜ ትሄዳለች።»

ዳኛው ለራሳቸው ሲለምኑ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ልጃቸው ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አባቷን ስታይ አየኋት።

አንዲት አዛውንት ተነሡ። «እንዲያ ከሆነማ እኔም በሬዬን ሳልፈታ ልምጣ?»

ምክትሉ አሰብ አደረጉ። «እትዬ፣ ብቻውን የሚያርስ በሬ ካለዎት ይረስ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማሽኗ መዝገባችን ላይ አለች? የለችም። የተጠራሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺም መጥተሻል። እሷን ቅሬው አልጠራትም።» በለቅሶ ቤት ደጅ አይሳቅም፤ ግን ብዙ ሰው መሬት መሬት እያየ ከንፈሩን ነከሰ።

ስለዚህ ቀረሁ። እንጨት አቀበልኩ፣ ውኃ ቀዳሁ፤ ልቤ ግን ክፍሌ ውስጥ ነው። ከፍጥነቷ በላይ የሚሮጥ ካርድ ብቻውን ትቶ መውጣት እሳት አንድዶ እንደ መውጣት ነው። ግን ሳስበው፣ ፓወሩ በቂ ነው፤ ነፋሱ ይገባል፤ ገደቡ ተበጅቷል፤ ወፍጮው ስለቆመ መስመሩም ከመቼውም ይልቅ የረጋ ነው። ያቺን ሦስተኛ እርምጃ ባልመልስ ኖሮ በዚያ ቀን ከክፍሌ መውጣት አልችልም ነበር። ይህ የገባኝ ባልዲ ተሸክሜ ሳለሁ ነው፤ ያጉረመረምኩትን አስታውሼ አፈርኩ።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ፈቃድ ጠይቄ ሮጥኩ። ክፍሌ ቀዝቅዞ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሥራው መጠናቀቁ ተጽፏል፤ ካለቀ አሥር ደቂቃ ሆኖታል። ሙቀቷ ሃምሳ አንድ። በፍላሽ ገልብጬ ጨርሼ ገመዱን ከመንቀሌ መብራቱ ሄደ። ወደ ቀብሩ ተመልሼ ለዳኛው በሩቅ ራሴን ነቀነቅኩላቸው። አካፋውን እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከፈቱ።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ቤታቸው ሄድኩ። ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ፤ ዳኛው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በሩን በሩን ያያሉ። ልጅቱ አልመጣም ብላኛለችና ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ። ልጀምር ስል በሩ ተከፈተ። ገብታ ለአባቷም ለእኔም ሰላምታ ሰጥታ፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከትናንቱ የአባቷ ልመና በኋላ መቅረት አልሆነላትም መሰለኝ።

ፊልሙ ጀመረ። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ነጠብጣብ ተለቅሞ ምሽቱ ጥርት ብሎ ወጥቷል። የዳሱ ቅጠል ሳይቀር ይታያል፣ ድቤ የምትመታዋ ሴት ጥርስ ይታያል። ሙሽራዋ ወጣች፤ መኪናው ጋ ስትደርስ ወደ ኋላ ዞራ የግቢውን በር ታያለች። በሩ ላይ ማንም የለም። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ይህን ሁሉ የደከምኩት ይህን ባዶ በር ለማሳየት ነው ወይ ብዬ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

«ቁም» አለች ልጅቱ። ለማን እንዳለች አልገባኝም። «አቁሚው። መልሺው።»

መለስኩት። ተነሥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደችና ጣቷን ከስክሪኑ ግራ ጥግ ላይ አሳረፈች። እሷ በሩን ስታይ፣ በሌላው በኩል፣ ከዳሱ ኋላ፣ ከማገዶው ክምር ጎን አንድ ሰው ቆሟል። የሥራ ልብስ ለብሷል፣ አካፋው መሬት ላይ ወድቋል፣ ሁለት እጆቹን ልብሱን እንዳይነኩ ከጎኑ ራቅ አድርጎ ይዟል። መኪናው ሲነሣ አንድ እርምጃ ወደፊት ይራመዳል፣ ከዚያ ይቆማል። መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ድረስ እዚያው ነው። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህ ሥዕል ፊት ተቀምጬ ቁጥር ስቆጥር ነበር።

«መጥተህ ነበር» አለች።

«መኪናው ሊነሣ ሲል ደረስኩ» አሉ ዳኛው።  «በጓሮ በኩል ገባሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?»

«እጄ አፈር ነበር። የመቃብር አፈር። በዚያ እጅ ሙሽራ ይነካል?»

«በኋላስ? ሁለት ወር ሙሉ?»

«ምን ልበልሽ? መጥቼ ነበር፣ አንቺ ነሽ ያላየሽኝ ብዬ ልክሰስሽ?»

ምንጣፉ ላይ ወርዳ ከፊታቸው ተንበረከከች። ሁለቱንም እጆቻቸውን ያዘች፣ ገልብጣ መዳፋቸውን አየች፣ ከዚያ ፊቷን ቀበረችበት። እኔ አለቀስኩ፤ ማልቀሴን ልደብቅ ብዬ ከፍላሹ ጋር ስታገል ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

ቀና ስትል ኩሏ አሁንም ጉንጯ ላይ ወርዷል፤ ግን እየሳቀች ነው።

«እንግዲያው ነገ መናኸሪያ ድረስ አንተ ነህ የምትሸኘኝ» አለቻቸው።

«እሸኝሻለሁ።»

«ቅሬ ቢጠራስ?»

ዳኛው ብዙ አላሰቡም።

«ምክትል አለኝ» አሉ።